ያለቀውን መገጣጠሚያ የተካው ሰው፦ የሰር ጆን ቻርንሊ ሕይወት

በመካኒካል ትምህርት ክፍል መጽሔት ላይ የሐኪም የሕይወት ታሪክ ምን ይሠራል ብላችሁ ትገረሙ ይሆናል። ርዕሱን ለአዘጋጆቹ ሳቀርብም የገጠመኝ ይኸው ጥያቄ ነው። ይሁን እንጂ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ካነበባችሁ ሰውየው ከእኛ ሙያ ብዙም የራቀ እንዳልነበረ ትረዳላችሁ። ቶርኖ ላይ የቆመ፣ ሰበቃን የለካ፣ የመረጠው ማቴሪያል ከድቶት የተሰቃየ፣ ስህተቱንም በሙከራ ያረመ ሰው ነው። ነገሩን ግን ከእንግሊዝ አገር ሳይሆን ከሸዋ ሮቢት ልጀምረው፤ ለእኔ የጀመረው እዚያ ነውና።

ተወልጄ ያደግሁት ሸዋ ሮቢት ነው። ከተማችንን የማያውቅ ካለ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሲኬድ ደብረ ብርሃን ታልፎ፣ ጣሊያን የሠራው የጣርማበር ዋሻና ደብረ ሲና ከኋላ ከቀሩ በኋላ፣ ቁልቁለቱ አልቆ የይፋት ቆላ ሙቀት ፊትን ሲመታ የምትገኝ ከተማ ናት። ያን ቁልቁለት የወረደ ከባድ መኪና ፍሬኑ ግሎ ብዙ ጊዜ እኛ ዘንድ ይቆማል። የአጎቴ ጋራዥ መንገዱ ዳር ስለሆነ ክረምት በመጣ ቁጥር እዚያ እሠራ ነበር። የተበላ ኩሽኔታ፣ ያለቀ ብሮንዚና፣ ግራሶ ደርቆበት የተሰነጠቀ ቡሽ እየፈታሁ ነው ያደግሁት።

አክስቴ ደግሞ የሽንኩርትና የማሾ ነጋዴ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ከማሳ ገበያ፣ ከገበያ ቤት በእግሯ ስትመላለስ ኖራለች። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ቀኝ ጉልበቷ እምቢ አላት። መጀመሪያ ደረጃ መውጣት፣ ቀጥሎ ሜዳ ላይ መሄድ፣ በመጨረሻም ሌሊት ጎኗን አሳርፎ መተኛት አስቸገራት። ራጅ ስትነሣ በጭኗና በቅልጥሟ አጥንት መካከል መኖር የነበረበት ክፍተት ጠፍቷል። አጥንት ለአጥንት ይፋተጋል ማለት ነው። ሐኪሙም መድኃኒቱና እንቅስቃሴው ካልረዳት መገጣጠሚያውን በሰው ሠራሽ መተካት እንደሚቻል ነገራት።

አክስቴ ታዲያ ማንን ብትጠይቅ ጥሩ ነው? እኔን! ማሽን የሚማር ልጅ ይህን ሳያውቅ አይቀርም ብላ ነው። ጥያቄዎቿ ሁለት ነበሩ። አንደኛው፣ የሚገባላት ነገር ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ነው። ሁለተኛው፣ እንደ ልቧ መታጠፍ፣ ዱካ ላይ መቀመጥና ለሶላት መንበርከክ ትችል እንደሆነ ነው። እኔም ሳላቅማማ መለስኩላት። ብረት ስለሆነ እስከ ዕድሜ ልኳ እንደማያልቅና እንደ ልጅነቷ እንደሚታጠፍላት አረጋገጥኩላት። ደስ ብሏት ሄደች። እኔ ግን ወደ ኮሌጅ ስመለስ ነገሩ ይከነክነኝ ጀመር። ጋራዥ ውስጥ የማያልቅ ብረት አይቼ አላውቅማ! ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ማገላበጥ ስጀምር ያገኘሁት የመጀመሪያው ስም ጆን ቻርንሊ የሚል ነበር።

ትውልድና ትምህርት

ጆን ቻርንሊ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 1911 በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ላንካሻየር ውስጥ በምትገኘው ቤሪ ከተማ ተወለደ። አባቱ የመድኃኒት ቤት ባለቤት፣ እናቱ ደግሞ ነርስ ነበሩ። አካባቢው የጥጥ ፋብሪካ አገር ነው። የሽመና ማሽን፣ ማርሽና ቀበቶ በየመንደሩ ይሽከረከራል። ይህን ነገር አስታውሱት፤ በኋላ ይጠቅመናል።

ልጁ በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1935 ተመረቀ። በዓመቱም፣ ገና 25 ዓመቱ ሳለ፣ የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ አባል ለመሆን የሚያስፈልገውን ከባድ ፈተና አለፈ። ከዚያ በኋላ ማንቸስተር ውስጥ ታዋቂ በነበረው የአጥንት ሐኪም በሃሪ ፕላት ሥር መሥራት ጀመረ።

ወዲያው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ቻርንሊ እ.ኤ.አ. በ1940 የጦሩን የሕክምና ክፍል ተቀላቅሎ፣ የእንግሊዝ ጦር ከደንከርክ በመርከብ በወጣበት ጊዜ ተሳትፏል። ቀጥሎም ወደ ካይሮ ተላከ። ለእኛ ትምህርት ክፍል ደስ የሚለው የታሪኩ ክፍል እዚህ ጋ ነው። ካይሮ በነበረበት ጊዜ ከጦሩ የጥገና ወርክሾፕ ሰዎች ጋር ተወዳጅቶ፣ ለተሰበረ እግር ድጋፍ የሚሆኑ መሣሪያዎችን እየነደፈ ያሠራ ነበር። ሐኪም ሆኖ ሳለ ብየዳና ቶርኖ ቤት መዋል ይወድ ነበር ማለት ነው። ይህ ልማዱ እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም፤ በቤቱም የራሱ ወርክሾፕ ነበረው።

በራሱ አጥንት ላይ

ከጦርነቱ እንደተመለሰ በኦስዌስትሪ የአጥንት ሆስፒታል ለጥቂት ወራት ሠራ። አጥንት ተቀድቶ ሌላ ቦታ ሲተከል እንዴት እንደሚያድግ ማወቅ ይፈልግ ነበርና አንድ ባልደረባውን አግባብቶ ከራሱ ቅልጥም ላይ ይህንኑ ቀዶ ሕክምና አስደረገ። ውጤቱ አላማረም። አጥንቱ መርቅዞ ተጨማሪ ቀዶ ሕክምና አስፈለገው፤ ሙከራውም ለረጅም ጊዜ አሠቃየው። ሰውየው እንግዲህ እንዲህ ነበር። ለታካሚ ከመንገሩ በፊት ራሱ ማየት ይፈልጋል። ጥሩ ጠባይ ነው ወይስ እብደት? ፍርዱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

በእነዚያ ዓመታት ስሙን ያስጠራው ሥራ፣ የሚገርመው ነገር፣ ጉልበትን ማንቀሳቀስ ሳይሆን ማድረቅ ነው። በዚያን ዘመን በነቀርሳ ወይም በሌላ በሽታ የተበላ ጉልበት ሕክምናው የጭኑንና የቅልጥሙን አጥንት ጫፍ ቆርጦ አንድ ላይ እንዲጣበቁ ማድረግ ነበር። ሕመሙ ይጠፋል፤ ጉልበቱም ለዘለዓለም አይታጠፍም። ችግሩ አጥንቶቹ እስኪጣበቁ ብዙ ወራት በጄሶ ታስሮ መተኛት ማስፈለጉ ነው። ቻርንሊ ከላይና ከታች በአጥንቶቹ ውስጥ ዘንግ አሳልፎ በብሎን እያጠበቀ አንዱን አጥንት በሌላው ላይ ሲጫነው ቶሎ እንደሚጣበቁ አሳየ። ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1948 አሳተመ። በቀላሉ ስናየው ሞርሳ ማለት ነው። በሞርሳ የተያዘ አጥንት ይጣበቃል።

ይህን ሳነብ አክስቴ ትዝ አለችኝ። ከ70 እና 80 ዓመት በፊት ብትታመም ኖሮ ምርጫዋ ሁለት ብቻ ነበር፤ ወይ እያመማት መታጠፍ፣ ወይ ሳያማት ደርቃ መቅረት። ቻርንሊ የሁለተኛው መንገድ ሊቅ ነበር። ሕይወቱን የለወጠው ግን አንድ ድምፅ ነው።

ሲጥ የሚለው ዳሌ

በ1940ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳዮቹ የጁዴ ወንድማማቾች የተበላውን የጭን አጥንት ራስ ቆርጠው በምትኩ ከአክሪሊክ ፕላስቲክ የተሠራ ሉል ይተክሉ ነበር። ይህን የተተከለለት አንድ ሰው ወደ ቻርንሊ መጣ። ሰውየው ጎንበስ ባለ ቁጥር ዳሌው ሲጥ ይላል። ድምፁ ከመጉላቱ የተነሣ ሚስቱ አብራው በአንድ ክፍል መቀመጥ ሰልችቷት እንደነበር ይነገራል። ሌላ ሐኪም ቢሆን ስቆ ያልፈው ነበር። ቻርንሊ ግን እንደ መካኒክ አሰበ። ሲጥ የሚል ነገር ሰበቃው ከፍተኛ ነው። ሰበቃው ከፍተኛ ከሆነ ደግሞ የተተከለውን ነገር እያወዛወዘ ከአጥንቱ ውስጥ ይነቅለዋል። እኛ ጋራዥ የሚያለቅስ ኩሽኔታ ይዞ የመጣ ሾፌር ቢጠይቀን የምንመልስለት ይህንኑ አይደል?

ስለዚህ ሰበቃን ማጥናት ጀመረ። የእንስሳትና የሰው መገጣጠሚያ በካርቲሌጅ ተሸፍኖ ሲንሸራተት ያለውን ሰበቃ ሲለካ በረዶ በበረዶ ላይ ከሚንሸራተተውም ያነሰ ሆኖ አገኘው። ሰው የሠራው ዘይት የተቀባ ብረት ከዚህ ጋር አይወዳደርም። ከዚህ በመነሣትም ሦስት ነገር ወሰነ። አንደኛ፣ ከሁለቱ ተፋታጊ አካላት አንዱ ብረት፣ ሌላው ደግሞ በራሱ የሚያንሸራትት ፕላስቲክ ይሁን። ሁለተኛ፣ የሚሽከረከረው ሉል ትንሽ ይሁን፤ ራዲየሱ ሲያንስ በሰበቃ የሚፈጠረው ጠምዛዥ ኃይል ያንሳልና። ሌሎች ከ40 ሚሊሜትር በላይ ሲጠቀሙ እሱ ወደ 22 ሚሊሜትር ገደማ አወረደው። ሦስተኛ፣ የተተከለው ነገር እንዳይወዛወዝ የጥርስ ሐኪሞች በሚጠቀሙበት የአክሪሊክ ሲሚንቶ ከአጥንቱ ጋር ይያያዝ። በዚህ በኩል በማንቸስተር የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት የነበረው የማቴሪያል ባለሙያ ዴኒስ ስሚዝ ረድቶታል። ሲሚንቶው ሙጫ አይደለም። ክፍተቱን ሞልቶ ጭነቱን በሰፊው ያከፋፍላል እንጂ። ይህ አሠራር እስከ ዛሬ በጉልበት ላይም ይሠራበታል።

ቴፍሎን

ፕላስቲኩ የትኛው ይሁን? በዚያን ጊዜ ከሚታወቁት ጠጣር ነገሮች ሁሉ አንሸራታቹ ቴፍሎን ነበር፤ ዛሬ በመጥበሻ ላይ የምናውቀው ማለት ነው። ቻርንሊ ከ1958 ጀምሮ ዊጋን ከተማ አቅራቢያ ባለው፣ ቀድሞ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ይተኙበት በነበረው ራይቲንግተን ሆስፒታል ከቴፍሎን የተሠራ ጽዋ በዳሌ ውስጥ መትከል ጀመረ። ውጤቱ ተአምር ይመስል ነበር። ለዓመታት አልጋ ላይ የዋሉ ሰዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያለ ሕመም ተራመዱ። ወደ 300 የሚጠጉ ታካሚዎች ተሠራላቸው።

ከአንድ፣ ከሁለት፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ሰዎቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። ሕመሙ ተነሥቷል። ቻርንሊ ሲከፍታቸው ብረቱ ሉል ቴፍሎኑን ቦርቡሮ ገብቶበታል። የተፈገፈገው ብናኝ ደግሞ በመገጣጠሚያው ዙሪያ እንደ አይብ ያለ ነጭ ነገር ፈጥሮ አጥንቱን ይበላ ነበር። ለካ አንሸራታችነትና አለመበላት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው! ሰበቃው ዝቅተኛ የሆነ ማቴሪያል በፍጥነት ሊያልቅ ይችላል። ይህን እኛ ዛሬ በማቴሪያል ሳይንስ ትምህርት በአንድ ክፍለ ጊዜ እንማረዋለን። እሱ ግን በ300 ሰዎች አካል ነው የተማረው።

በዚያን ጊዜ ምን አደረገ የሚለው ነው የሰውየውን ማንነት የሚያሳየው። ጥፋቱን በታካሚዎቹ ላይ አላላከከም። ዝምም አላለም። የተበላሸውን እያወጣ ራሱ እንደገና ይሠራላቸው ጀመር። ሌሊት ሌሊት አልጋው ላይ ተቀምጦ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ይተክዝ እንደነበር ባለቤቱ በኋላ አስታውሳለች። ብናኙ በሥጋ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማረጋገጥም የቴፍሎንና የሌላ ፕላስቲክ ዱቄት በራሱ ጭን ውስጥ አስገብቶ ወራት ጠበቀ። ቴፍሎኑ ያለበት ቦታ አብጦ ጠጠረ፤ ሌላው ግን ይህ ነው የሚባል ነገር አላሳየም። ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1963 በላንሴት የሕክምና መጽሔት ላይ ለሙያ ባልደረቦቹ አስታወቀ።

ከሽመና ማሽን የመጣው ፕላስቲክ

ያ ሌላው ፕላስቲክ የተገኘበት መንገድ ደግሞ አስገራሚ ነው። ሃሪ ክሬቨን የሚባል ቴክኒሻን የቻርንሊ ረዳት ሆኖ በወርክሾፑ ውስጥ የማቴሪያል መፈተሻ ማሽን ሠርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 አንድ ሻጭ ወደ ወርክሾፑ መጣ። የያዘው ናሙና በላንካሻየር የሽመና ማሽኖች ማርሽ የሚሠራበት፣ የሞለኪውል ክብደቱ እጅግ ከፍተኛ የሆነ ፖሊኢትሊን ነበር። ቻርንሊ ናሙናውን በጣቱ ጥፍር ጫር አድርጎ አይቶ በዚህ ጊዜ ማጥፋት እንደማያስፈልግ ለክሬቨን ነገረው። ከዚያም ለስብሰባ ወደ ውጭ አገር ሄደ። ክሬቨን ግን አለቃው ሲሄድ ናሙናውን ማሽኑ ላይ ሰቀለው። ቴፍሎን በአንድ ቀን የሚበላውን ያህል ይህኛው በሦስት ሳምንት እንኳ አልተበላም! ቻርንሊ ሲመለስ ያየውን ማመን አቃተው። ሆኖም ተሳስቶ እንደነበር ለመቀበል አልዘገየም። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ውስጥ የመጀመሪያውን የፖሊኢትሊን ጽዋ ተከለ።

ለእኛ ለተማሪዎች ይህ ትልቅ ትምህርት ነው እላለሁ። አለቃው ሐኪም፣ ረዳቱ ቴክኒሻን ናቸው። ዓለምን የለወጠው ፕላስቲክ የተገኘው ረዳቱ የአለቃውን ግምት በማሽን ስለፈተሸ ነው።

ከቴፍሎን በኋላ ቻርንሊ ሌላ ሰው ሆነ። አዲሱን መገጣጠሚያ ዓለም ሁሉ ይፈልገው ነበር፤ እሱ ግን ለዓመታት ያህል ውጤቱን እስኪያይ በገፍ እንዲሸጥ አልፈቀደም። በኋላም ራይቲንግተን መጥተው አሠራሩን ላልተማሩ ሐኪሞች አምራቹ እንዳይሸጥ አደረገ። ታካሚዎቹንም ከሞቱ በኋላ መገጣጠሚያው ወጥቶ እንዲመረመር እንዲፈቅዱ ይጠይቃቸው ነበር። ብዙዎቹም ፈቀዱ። ከስንት ዓመት አገልግሎት በኋላ ስንት ሚሊሜትር እንደተበላ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

ሌላው ጠላቱ ኢንፌክሽን ነበር። ባዕድ ነገር የተተከለበት መገጣጠሚያ አንዴ ከመረቀዘ የተተከለው መውጣቱ ብዙ ጊዜ አይቀርም። የቻርንሊ ታካሚዎች መጀመሪያ ላይ ከ100 ውስጥ ከ7 በላይ የሚሆኑት ይመረቅዙ ነበር። ለፋብሪካዎች የአየር ማጣሪያ ከሚሠራው ከሃዋርዝ ጋር በመተባበር በቀዶ ሕክምናው ክፍል ውስጥ የተጣራ አየር ከላይ ወደ ታች የሚወርድበት ልዩ ክፍል ሠራ። የሐኪሞቹን ትንፋሽ በቱቦ የሚያስወጣ ልብስም ነደፈ። በእነዚህና በሌሎች ጥንቃቄዎች ቁጥሩ ከ100 ከ1 በታች ወረደ።

ከዳሌ ወደ ጉልበት

እስካሁን ያወራሁት ስለ ዳሌ ነው፤ የአክስቴ ጥያቄ ግን ስለ ጉልበት ነበር። ጉልበትን ለመተካት የተሞከረው ከቻርንሊ በፊት ነው። ጀርመናዊው ቴሚስቶክሌስ ግሉክ እ.ኤ.አ. በ1890 በርሊን ውስጥ ከዝሆን ጥርስ የተሠራ ማጠፊያ በነቀርሳ በተበላ ጉልበት ውስጥ ተክሎ ነበር። ኢንፌክሽን ግን አሸነፈው። ከዚያ በኋላ እንደ በር ማጠፊያ የሚሠሩ ብረቶች ተሞከሩ። ችግሩ ጉልበት እንደ በር አይደለም። ሲታጠፍ ይንከባለላል፣ ይንሸራተታል፣ በጥቂቱም ይዞራል። በማጠፊያ ካሠሩት ጠምዛዡ ኃይል ሁሉ በዘንጉ በኩል ወደ አጥንቱ ይሄድና ይነቅለዋል።

እ.ኤ.አ. በ1968 ፍራንክ ጋንስተን የሚባል፣ በመጀመሪያ ሙያው መሐንዲስ የነበረ ካናዳዊ ሐኪም ራይቲንግተን ውስጥ እየሠራ ሳለ የቻርንሊን ሦስት ነገሮች ማለትም ብረት፣ ፖሊኢትሊንና ሲሚንቶን ወስዶ ማጠፊያ የሌለው ጉልበት ሠራ። ጅማቶቹ በቦታቸው ስለሚቆዩ ጉልበቱ ተፈጥሯዊ እንቅስቃሴውን ይይዛል። በ1974 ደግሞ ጆን ኢንሶልና ባልደረቦቹ ኒው ዮርክ ውስጥ የጭኑን፣ የቅልጥሙንና የሎሚውን ገጽ ሁሉ የሚተካውን ዓይነት ተከሉ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚተከሉት አብዛኞቹ ጉልበቶች የእሱ ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ስንት ዓመት? እ.ኤ.አ. በ2019 በላንሴት ላይ የወጣ፣ የብዙ ሺህ ታካሚዎችን መዝገብ ያጠናቀረ ጥናት እንዳሳየው፣ ሙሉ በሙሉ ከተተኩ 100 ጉልበቶች ውስጥ 82 ያህሉ ከ25 ዓመት በኋላም በቦታቸው ነበሩ። ይህ ግን ታካሚዎችን በመዝገብ ከሚከታተሉ አገሮች የተገኘ ቁጥር ነው፤ በወጣትነቱ የተተካለት ሰው እንደገና የመሠራት ዕድሉ ከአዛውንቱ ይበልጣል። ጉልበት በሜዳ ሲራመዱ ከሰውነት ክብደት ሁለትና ሦስት እጥፍ፣ በደረጃ ደግሞ ከዚያም በላይ ይሸከማል። በላቦራቶሪ መፈተሻ ማሽን ላይ 1 ሚሊዮን ዑደት እንደ አንድ ዓመት እርምጃ ይቆጠራል። የሚበላው ብረቱ ሳይሆን ፕላስቲኩ ነው። በዓይን የማይታየው ብናኝ የሰውነትን ተከላካይ ሕዋሳት ይቀሰቅስና አጥንቱ እንዲሟሽሽ ያደርጋል፤ በመጨረሻም የተተከለው ይላላል። ከዚህም ሌላ ኢንፌክሽን፣ የጅማት መላላትና የጉልበት መድረቅ እንደገና ወደ ቀዶ ሕክምና ይመልሳሉ። በአንድ ወቅት ፖሊኢትሊኑ አየር ባለበት በጨረር ሲጸዳ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ይሰባበር ስለነበር በ1990ዎቹ አሠራሩ ተቀየረ። ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ የተሳሰሩበት የተሻለ ዓይነትም መጣ።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ምን ያህል ይታጠፋል? በሜዳ ለመራመድ ጉልበት ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ገደማ መታጠፍ አለበት። ደረጃ ለመውጣትና ለመውረድ ከ80 እስከ 100፣ ከወንበር ለመነሣት ከ90 በላይ ያስፈልጋል። ቁጢጥ ለማለት ግን ከ130 በላይ፣ ተረከዝ ላይ ለመቀመጥ ደግሞ ወደ 150 ይጠጋል። የተተካ ጉልበት ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ከ110 እስከ 120 ነው። ከሁሉ በላይ የሚወስነው ደግሞ ጉልበቱ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ምን ያህል ይታጠፍ እንደነበር ነው። ነገሩ ለእኛ አገር ሰው ቀላል አይደለም። ወንበር ላይ ለሚውል ሕዝብ 110 ዲግሪ ሙሉ ሕይወት ነው። ዱካ ላይ ተቀምጦ ቡና ለሚያፈላ፣ ለሚሰግድ፣ ቁጢጥ ብሎ ለሚጸዳዳ፣ ጎንበስ ብሎ ማሾ ለሚለቅም ሰው ግን የጎደለችው 30 ዲግሪ ብዙ ናት።

መጨረሻው

ቻርንሊ እ.ኤ.አ. በ1957 ጂል ሂቨርን አግብቶ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ወልዷል። በ1974 የላስከር ሽልማትን አገኘ፤ በ1975 የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ፤ በ1977 ደግሞ የሰርነት ማዕረግ ተሰጠው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 5 ቀን 1982፣ 71 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ማንቸስተር ውስጥ ዐረፈ። እሱ የጀመረው ዓይነት የዳሌ ተከላ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ሰዎች ተርፏል፤ በጉልበት ላይም ብረቱ፣ ፕላስቲኩና ሲሚንቶው ዛሬም አሉ።

እኔም ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ የቀረችኝ አንዲት ከባድ ሥራ ነበረች። ወደ ሸዋ ሮቢት ወርጄ ለአክስቴ እንደዋሸኋት መናገር። ውሸት ለማለት አስቤ አልነበረም፤ ሳላውቅ ተማምኜ መናገሬ ግን ከውሸት ምን ይለየዋል? ቻርንሊ ስለ ቴፍሎን ለሙያ ባልደረቦቹ ከተናገረ እኔ ለአክስቴ መናገር ሊያቅተኝ አይገባም።

በወርክሾፓችን ሁለት ማስመሪያ በፕሮትራክተር ላይ በብሎን አሥሬ የአንግል መለኪያ ሠራሁና ይዤ ሄድኩ። አልጋ ላይ አጋድሜ ጉልበቷን ስለካው እስከ 95 ዲግሪ ብቻ ታጠፈ፤ ሙሉ በሙሉም አይዘረጋም ነበር። ከዚያም እውነቱን ነገርኳት። ፕላስቲኩ እንደሚያልቅ፤ ከ100 ሰዎች 18 ያህሉ በ25 ዓመት ውስጥ እንደገና ሊሠሩ እንደሚችሉ፤ ሕመሙ በአብዛኛው እንደሚቀንስ፤ ዱካ ላይ መቀመጥና ተረከዝ ላይ መንበርከክ ግን ላይመለስላት እንደሚችል አስረዳኋት። መጨረሻ ላይ ሐኪሟን እንድትጠይቅ፣ የእኔን ቃል እንዳትወስድም አደራ አልኳት።

አክስቴ ዝም ብላ ሰማችኝ። ቆጣችኝ? አልተቆጣችም። ስታስብ ቆይታ፣ አሁንም ቢሆን ተረከዟ ላይ ከተቀመጠች ሦስት ዓመት እንዳለፋት፣ የምትፈልገው ሌሊት መተኛትና እስከ ገበያ መድረስ መሆኑን ነገረችኝ። ስለ ሶላቱ ሼሁን ጠይቃ ያልቻለ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድ እንደሚፈቀድለት ተረድታ ነበር። ቤተሰብ ተሰበሰበ፤ የሁለት ዓመት የሽንኩርት ገንዘብም ወጣ። አዲስ አበባ ሄዳ ተሠራላት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእሷ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉልበቱን የማጠፍና የመዘርጋት ልምምድ ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ አስለቀሳት። ቆላው ሙቀት ውስጥ፣ ጥላ ሥር ተቀምጣ በቀን ሦስቴ ስታጥፍ ስትዘረጋ ጎረቤት ሁሉ ይቆጥርላት ነበር። በዓመቱ ያችኑ መለኪያዬን ይዤ ስለካት 108 ዲግሪ ሆነ። ቀጥ ብሎም ይዘረጋል። ዱካዋን ለልጅ ልጆቿ ሰጥታ ከፍ ያለ ወንበር አሠርታለች። ቡናውን አሁን ምራቷ ታፈላለች፤ እሷ ከወንበሯ ላይ ሆና ታዝዛለች። ገበያ ግን በእግሯ ትሄዳለች።

ለማጠቃለል ያህል፣ እኛ የመካኒካል ተማሪዎች ነገ የምንሠራው ዕቃ የሰው አካል ውስጥ ባይገባም ሰው ይሸከመዋል፤ አለዚያም እሱ ሰውን ይሸከማል። የማያልቅ ነገር የለም። መቼና እንዴት እንደሚያልቅ ለክቶ ለባለቤቱ መናገር ግን ይቻላል። እኔ ከጆን ቻርንሊ የተማርኩት ይህን ነው። ቸር ይግጠመን።